ፈቃድ «ቆሟል» ተባልን፤ የሊዝ ጊዜያችን ግን እየሮጠ ነው

ጤና ይስጥልኝ፣ ከሐዋሳ ነው። 24 ሆነን የቤት ማኅበር አቋቁመን የሊዝ ውል ተፈራርመናል፣ የጂ ፕላስ ፎር (ከምድር በላይ አራት ፎቅ) ዲዛይናችንም አልቋል። የግንባታ ፈቃድ ልናወጣ ስንሄድ ግን «የከተማው መዋቅራዊ ፕላን እየተከለሰ ስለሆነ ትልልቅ የመኖሪያ ግንባታ ለጊዜው ቆሟል» ተባልን። ደብዳቤ ስጡን ብንል ሰውየው ከፋይሉ ቀና ሳይል «ሲጀመር ትሰማላችሁ» አለን። ይኸው አራተኛ ወራችን።

ገደብ መኖሩን አልቃወምም። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ከተመረቀ ወዲህ ቤት ፈላጊው በዝቷል፤ የሁላችን ፍሳሽ መጨረሻው ደግሞ ሐይቁ ነው። የኛ ገንዘብ ግን ባንክ ተቀምጦ የብረት ዋጋ ይጨምራል። ችካላችን ላይ የሰፈሩ ሰው ፍየል ያስራል (አንዱን ነቅላው ሄዳለች)።

የጨነቀኝ ይኼ ነው፦ በሊዝ አዋጅ 721/2004 መሠረት ውሉ ላይ በተጻፈው ጊዜ ግንባታ ካልጀመርን ውሉ ሊቋረጥ ይችላል። ያስቆሙን እነሱ ሆነው ጊዜው በኛ ላይ ይቆጠራል? የሕንፃ አዋጁ 624/2001 ይግባኝ ሰሚ ቦርድ አለው፤ በቃል ብቻ በተነገረ ክልከላ ላይ ይግባኝ ይቀበላሉ? ወይስ መጀመሪያ ማመልከቻ መዝገብ ቤት አስገብተን ቁጥር እናስመታ? የደረሰበት ሰው ካለ እባካችሁ ከየት እንደጀመራችሁ ንገሩኝ። ውሉን ፎቶ አንስቼ መላክ እችላለሁ።