ሐረማያ ሐይቅ በድሮው ካርታ አለ፣ በ1997ቱ የሳተላይት ምስል የለም፤ ምክንያቱ የአየር ንብረት ነው?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። በ1፡50,000 ካርታ ላይ ሐረማያ ሐይቅ ከድሬዳዋ ሐረር መንገድ አጠገብ ሰፊ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ በተነሣው የሳተላይት ምስል ግን ውኃ የለም። የአየር ንብረት ለውጥ ነው ማለት ይቻላል? ሁለቱን ስደርባቸው ደግሞ መንገዱ እንኳ አይገጥምም።

መልስ 1
ከአለመግጠሙ ይጀምሩ። የድሮ ካርታዎቻችን የተሠሩት አዲንዳን በሚባል ዳተም (ቦታ የሚለካበት መነሻ) ነው፤ ሳተላይቱ በሌላ ዳተም፣ በደብሊው ጂ ኤስ 84 ይሠራል። ሳይቀይሩ ከደረቡ ወደ 200 ሜትር ይዛነፋል። ሐረማያ ከ42 ዲግሪ ምሥራቅ አጠገብ ስለሆነ የዩቲኤም (ምድርን በቋሚ ሰቆች የሚከፍል የካርታ ሥርዓት) ዞን 37 እና 38 እንዳይምታታብዎት፣ የካርታውን ጠርዝ ያንብቡ። ካርታውን ከምስሉ ጋር ለማግጠም ነጥብ ሲያስሩ የግሪድ (የካርታው አራት ማዕዘን) መስመሮች መገናኛ ላይ እንጂ የሐይቁ ዳር ላይ አይሁን፤ ዳሩ ራሱ ነው የተንቀሳቀሰው። የካርታው ቀንም የኅትመቱ ሳይሆን የአየር ፎቶው የተነሣበት ይሁን።

መልስ 2
ምስሉ የላንድሳት 7 ሳተላይት ከሆነ ተጠንቀቁ። እ.ኤ.አ. ከግንቦት 31 ቀን 2003 ወዲህ ያሉት ምስሎቹ ባዶ ሽንትር አላቸው፤ ባዶው እንደ ደረቅ መሬት ሊቆጠር ይችላል። የላንድሳት 5 ካገኙ ውኃውን ለመለየት ከባንድ (የብርሃን ክልል) 2 ላይ ባንድ 5ን ቀንሰው ለድምራቸው ያካፍሉ፤ ከዜሮ በላይ የሆነው አብዛኛውን ጊዜ ውኃ ነው። መስከረምን ከየካቲት ጋር አያወዳድሩ፤ ወር ከወር ይግጠም።

መልስ 3
ሐረማያን በዋናነት ያደረቀው ጫትና አትክልት የሚያጠጣው ፓምፕ፣ ለከተማ የሚሳበው የመጠጥ ውኃና ከተራቆተው ተዳፋት የታጠበው ደለል ነው። ዝናቡን ከመክሰስዎ በፊት እርስ በርስ ጎረቤት የሆኑ ሐይቆችን ይመልከቱ። በስምጥ ሸለቆ ያሉት አብያታና ሻላ ጎን ለጎን ናቸው፣ የሚዘንብባቸውም አንድ ዝናብ ነው። አብያታ ሸሸ፤ መጋቢው የቡልቡላ ወንዝ ከዝዋይ ሐይቅ ጀምሮ ለመስኖ ይጠለፋል፣ ሶዳ አሽ ፋብሪካም ከሐይቁ ይስብ ነበር። ሻላ ግን ቦታው ላይ ነው። ይሁንና ስፋትን ከስፋት አታነጻጽሩ! ሻላ 266 ሜትር ይጠልቃል፤ አብያታ እንደ ትሪ ዝርግ ነው። አንድ ሜትር ሲወርድ አብያታ ሰፊ ጭቃ ይለቃል፣ ሻላ ያልተነካ ይመስላል። የሚነጻጸረው የውኃው ከፍታ ነው።

መልስ 4
የአየር ንብረት በእርግጥ ያደረቀውን ማየት ከፈለጉም እዚያው አብያታና ሻላ አካባቢ ነው። ከ5,000 ዓመት በፊት በነበረው እርጥብ ዘመን ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ አንድ ሐይቅ ነበሩ። ውኃው 1,670 ሜትር ገደማ ሲደርስ ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር፤ የዛሬው ሻላ 1,558 ሜትር አካባቢ ነው። የ1,670 ሜትሩን ኮንቱር (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኝ መስመር) በከፍታ ሞዴል ላይ ይሳቡት፤ ስምጥ ሸለቆው ስለሚንቀሳቀስ ግን የጥቂት ሜትር ስሕተት ይጠብቁ። በድሮው ዳርቻ የሚገኙት የቀንድ አውጣ ቅርፊቶች ዕድሜያቸው በካርቦን 14 ሲለካ፣ ከእሳተ ገሞራ ወደ ውኃው የገባው አሮጌ ካርቦን ዕድሜያቸውን ከእውነተኛው በላይ ያስረጀዋል።