«ሺምፐሪ» ምን ማለት ነው? ከጦስኝ እስከ ኮሶ

የደጋ ልጅ፦
እንደምን ዋላችሁ። የጦስኝ እሽግ ገዝቼ ጀርባው ላይ «ታይመስ ሺምፐሪ» የሚል ሳይንሳዊ ስም አየሁ። «ታይመስ» የዘመዶቹ የወል ስም እንደሆነ ገብቶኛል። «ሺምፐሪ»ስ? የሰው ስም ነው ወይስ የቦታ? ኮሰረትን ስፈልግ ደግሞ «ሊፒያ አዶኤንሲስ» ይላል። ይሄኛውም ግራ ገባኝ። የምታውቁ እስቲ ንገሩኝ።

ሥረ ቃል፦
ጥሩ ጥያቄ ነው። ሁለቱን ቃላት አንድ ሰው ያገናኛቸዋል። ቪልሄልም ሺምፐር ይባላል፤ በ1804 የተወለደ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። «ሺምፐሪ» በላቲን «የሺምፐር» ማለት ነው። ጫፉ ላይ ያለችው «ኢ» የኛን «የ» ሥራ ትሠራለች። «አዶኤንሲስ» ደግሞ «የአድዋ» ነው። «ኤንሲስ» ብሎ የሚያልቅ ስም ስታይ አብዛኛውን ጊዜ ከፊቱ የቦታ ስም አለ።

ሰውየው አልጄሪያን፣ ግብፅን፣ ሲናንና የዓረብን ምድር ዞሮ በ1837 አድዋ ገባ። ከጀርባው የነበረው በጀርመኗ ኤስሊንገን ከተማ ሽቶይደል የሚባል ሐኪምና ሆክሽቴተር የሚባል ቄስ ያቋቋሙት የጉዞ ማኅበር ነው። ሁለቱም ዕፅዋት አዋቂዎች ነበሩ። የማኅበሩ አሠራር እንደ አክሲዮን ነው። ዕፅዋት የሚሰበስቡ ሰዎች አስቀድመው ገንዘብ ያዋጣሉ፤ ተጓዡ ቅጠሉንና አበባውን ወረቀት መሀል አስገብቶ ይጫናል፣ ያደርቃል፣ ይልካል። ከዚያ እያንዳንዱ ባለድርሻ የድርሻውን ይወስዳል። ከአንድ ተክል ብዙ ናሙና የሚቆረጠውም ለዚህ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1943፣ የበርሊኑ የደረቁ ዕፅዋት ስብስብ በአየር ድብደባ ሲጋይ ፓሪስና ለንደን የነበሩት የሺምፐር ናሙናዎች ተርፈዋል።

ናሙናዎቹ ፎቶ ተነሥተው በኢንተርኔት ስለሚገኙ አንዱን ጠጋ ብለህ እየው። የደረቀ ቅርንጫፍ ወረቀት ላይ ተለጥፏል። ከጎኑ ትንሽ የታተመ ጽሑፍ አለ። የመጀመሪያዎቹ ላይ «ሺምፐሪ ኢተር አቢሲኒኩም» ይላል፤ «የሺምፐር የሐበሻ ጉዞ» እንደማለት ነው። ቀጥሎ «ፕላንታይ አዶኤንሴስ»፣ የአድዋ ዕፅዋት። ኮሰረትህም ስሙን ያገኘው በዚሁ መንገድ ነው። ስሙን ያወጣው ሆክሽቴተር ግን የኢትዮጵያን አፈር አልረገጠም። ኤስሊንገን ተቀምጦ፣ የደረቀ ቅጠል እያየ ነው የሰየመው።

ሺምፐር ግን እዚሁ ቀረ። የሰሜንና የትግራይ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ወደዱት፣ እንትጮን እንዲያስተዳድር ሾሙት። የአገሩን ሴት አግብቶ ወለደ፣ ከበደ። ውቤ በ1855 ደረስጌ ላይ በደጃች ካሳ፣ በኋላ አፄ ቴዎድሮስ በተባሉት፣ ሲሸነፉ የሱም ሹመት አብሮ ወደቀ። በ1868 መቅደላ ላይ ከተለቀቁት አውሮፓውያን አንዱ እሱ ነበር። በ1878 አድዋ ላይ ሞተ።

የጓሮ ቅጠል፦
ሥረ ቃል፣ እጅህን ይባርከው። እኔ ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ጦስኝን ከሺምፐር በፊት የደጋ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ሻይ አፍልቶበታል፣ በርበሬና ሽሮ አጣፍጦበታል። ሳይንሳዊ ስሙ ውስጥ የገባው ግን የአንድ እንግዳ ስም ነው። ሰውየው አልሠራም አይደለም የምለው፤ ዕድሜውን ነው የሰጠው። ግን መንገድ የመሩት፣ ቅጠሉን ያሳዩት፣ «ይሄ ለሆድ ነው፣ ይሄ ለምች ነው» ያሉት ሰዎችስ?

ኮሶማ የባሰበት ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1769 መጥቶ ጎንደር ሲቀመጥ ኮሶን አየ፣ ሥዕሉንም ይዞ ሄደ። በ1790 ባሳተመው የጉዞ ታሪኩ በእንግሊዛዊው የዕፅዋት ተመራማሪ በጆሴፍ ባንክስ ስም ሰየመው። ያ ስም ግን ቀደም ብሎ ለአውስትራሊያ ተክሎች ተሰጥቶ ነበር። ስለዚህ ግሜሊን የሚባል ጀርመናዊ በ1791 «ሃጌኒያ አቢሲኒካ» አለው። ሃገን ማን ነው? የኮኒግስበርግ ከተማ መድኃኒት ቀማሚ! ከኮሶ ጋር ምን አገናኘው?

ኮሶ ግን አፋችን ውስጥ እንዴት እንደኖረ እዩ። የተኮሳተረን ሰው «ኮሶ የጠጣ ይመስላል» እንላለን። የማይወደውን ነገር ግድ ሲሆንበት ዋጥ ያደረገም «እንደ ኮሶ ተጋተው» ይባላል። አፄ ቴዎድሮስን ባላንጦቻቸው «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ሰድበዋቸዋል። ጥሬ ሥጋ የሚበላ አገር ኮሶ ሳይጠጣ አይኖርም ነበር። ጌታውም ሎሌውም ይጠጣው የነበረን መድኃኒት የሸጠች እናት ለምን ስድብ ሆነች? ይሄ እስከዛሬ ያናድደኛል።

ሥረ ቃል፦
ልክ ነሽ፣ እህቴ። ኮሶን በተመለከተ ምንም አልከራከርሽም። ብሩስ ግን አንዳንዱን የአገሬውን ስም እንደሰማው ጽፏል። «ጤፍ»፣ «ዋንዛ»፣ «ቆልቋል»፣ «ቀንጠፋ» በሱ አጻጻፍ ትንሽ ተጣመው መጽሐፉ ውስጥ አሉ። «እንሰት» ከሁሉም ቀናው። ዛሬ የተክሉ ሳይንሳዊ ስም «ኤንሴቴ ቬንትሪኮሱም» ነው። ሁለተኛው ቃል «ሆዱ ያበጠ» ማለት ነው፤ ግንዱን ላየ ሰው ትክክል ነው። ጤፍም «ኤራግሮስቲስ ጤፍ» ተብሎ ስሙን እንደያዘ ነው። በኛ ዘመን ደግሞ ፕሮፌሰር መስፍን ታደሰ ቀበሪቾን ሲሰይሙ «ኤኪኖፕስ ቀበሪቾ» ነው ያሉት። ገበያ ላይ የሚሸጠው ሥር ከነስሙ መዝገብ ገባ። እንደኔ መንገዱ ይሄ ነው።

ስለ ቀንጠፋ ብሩስ የጻፈውን ማለፍ አልችልም። ንጉሡ ከመዝመታቸው በፊት ቀንጠፋውን ሁሉ ቁረጡ የሚል አዋጅ ይነገር ነበር። አንድ ጊዜ ሳይቆረጥ የቀረ ቀንጠፋ የንጉሡን ልብስ ይዞ አስቀራቸው። የአገሩ ሹም ከነልጆቹ ተሰቀለ። ቀንጠፋ የያዘው ሰው ያውቀዋል፤ እሾኩ ወደኋላ የተቆለመመ ነው፣ ስትጎትት ይብስበታል።

የደጋ ልጅ፦
ሁለታችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። አንዲት ብቻ ልጨምር። ሳማ «ኡርቲካ ሲሜንሲስ» ይባላል። በሕጉ መሠረት ከፊቱ ቦታ አለ ማለት ነው?

ሥረ ቃል፦
አለ እንጂ። «የሰሜን» ማለት ነው፤ አቅጣጫውን ሳይሆን የሰሜን ተራሮችን ነው። ይሄንንም ያወጣው ያው ሆክሽቴተር ነው፣ ከሺምፐር ናሙና ላይ። መቼም ደርቆ ስለደረሰው አልለበለበውም ይሆናል።

የጓሮ ቅጠል፦
በጾም በገብስ ዱቄት ሲሠራ ግን አይለበልብም። ወጣት ቅጠሉን በጓንት ቁረጥ፣ በደንብ ቀቅለው።