በባጃጅ ግጭት እናቴ ጉልበቷን ተመታች፦ ወጌሻ ወይስ ሆስፒታል? የሹፌሩን ገንዘብስ እንቀበል?

ጥያቄ (የሄርማታ ልጅ)
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ትናንት አመሻሽ ላይ እዚህ ጅማ ከመርካቶ ወደ አጂፕ የተሳፈረችበት ባጃጅ ከሚኒባስ ጋር ተጋጭቶ ጉልበቷ ከሹፌሩ ወንበር ጀርባ ካለው ብረት ጋር ተላተመ። ክሊኒክ ጉልበቷን በራጅ አይተው «ስብራት የለም» ብለው በፋሻ ጠቅልለው ሸኟት። ሌሊቱን ስታቃስት አደረች፤ ባቷም አብጧል። ዘመዶች «ወጌሻ ይሻት» ይላሉ። የባጃጁ ሹፌር ደግሞ 3,000 ብር ሰጥቶ በሽማግሌ እንጨርስ ይላል። የቱ ይቅደም?

አጥንት ክፍል
ፋሻውን አሁኑኑ ፍቱት። ከዚያ የእግሯን አውራ ጣት ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ ሳቡት። ባቷ ውስጥ የማይቻል ሕመም ከተሰማት፣ ባቷ ሲነካ እንደ እንጨት ከጠነከረ ወይም ጣቶቿ ከደነዘዙ፣ እብጠቱ በጡንቻው ሽፋን ውስጥ ታፍኖ የደም ዝውውሩን እያነቀው ነው ማለት ነው። እብጠት ቀስ እያለ ስለሚጨምር ይህ በማግስቱም ይመጣል። ከጀመረ በኋላ ግን 6 ሰዓት ገደማ ካለፈው ጡንቻው እየሞተ ይሄዳል። የእግሯ ትርታ መኖሩና ጣቶቿ መሞቃቸው አያዘናጋችሁ፤ ትርታ የሚጠፋው መጨረሻ ላይ ነው።

ወጌሻውን ተዉት። ያበጠ ባት ሲታሽ እብጠቱ ይብሳል፣ በቀርከሃ ጠበቅ ተደርጎ ሲታሰር ደግሞ እግሩ እስከ መቆረጥ ይደርሳል። ለወለምታ የሚያውቁበት ወጌሾች አሉ፤ ይሄ ግን ወለምታ አይደለም። በቀጥታ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት። ኦፕራሲዮን ሊያስፈልግ ስለሚችል ምግብም ውኃም አትስጧት።

ራጅ ቤት
በላይኛው ላይ ልጨምር። ጉልበት ከፊት ሲመታ ኃይሉ በጭን አጥንት በኩል ወደ ዳሌ ይሄዳል። ስለዚህ የዳሌና የጭን ራጅም ጠይቁ። እግሯ አጥሮ ወደ ውስጥ የዞረ ከመሰላችሁ ለሐኪሙ መጀመሪያ የምትነግሩት ይህንን ነው፤ የወለቀ ዳሌ ሲቆይ አጥንቱን የሚመግበው ደም ይቋረጣል። ከጉልበት በታች ያለው የአጥንት ጫፍ ሲሰነጠቅም በተራ ራጅ ሊሰወር ይችላል፤ እግሯን መርገጥ ካቃታት ሲቲ ስካን ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቁ።

ያው ብረት ሆድም ይመታል። የሆድ መጠንከር፣ ማዞር፣ የግራ ትከሻ ሕመም ካለባት ወይም ደጋግማ ካስመለሰች አትደብቁ።

ታርጋና ፕላን
በሹፌሩ ወረቀት ላይ እንዳትፈርሙ። «ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅም» የሚል ዕርቅ የጉዳቱ ልክ ሳይታወቅ ከተፈረመ ነገ መከራከሪያ ያሳጣችኋል። ሰውዬው ለሕክምና ላግዝ ካለ ይስጥ፤ ደረሰኙ ላይ «ለሕክምና እርዳታ» ተብሎ ይጻፍና ዕርቁ ይቆይ።

ዛሬውኑ ለትራፊክ ፖሊስ አመልክቱና የአደጋው ፕላን (የአደጋው ቦታ ንድፍ) እንዲነሳ አድርጉ። የባጃጁን ታርጋ፣ የሦስተኛ ወገን መድን ስቲከሩን ፎቶ፣ የሕክምና ማስረጃና ደረሰኞቹን ሁሉ ያዙ። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት በመኪና አደጋ የተጎዳ ሰው አስቸኳይ ሕክምና ያገኛል፤ አዋጁ ሲወጣ ለዚህ የተቀመጠው ጣሪያ 2,000 ብር ነበር። ለቋሚ ጉዳት ደግሞ የሕክምና ቦርድ የሚወስነው የጉዳት መጠን በመቶኛ ይጠየቃል።

ጥያቄ (የሄርማታ ልጅ)
አመሰግናለሁ። አውራ ጣቷን ስንስበው ጮኸች! አሁን እየወጣን ነው። የባጃጁን ታርጋ ይዣለሁ፤ ሚኒባሱ ግን ሳይቆም ሄዷል፣ ታርጋውን ያየ የለም።

ታርጋና ፕላን
ጥያቄያችሁ በባጃጁ መድን ይጀምር። ያመለጠ ወይም መድን የሌለው መኪና ላደረሰው የአካል ጉዳት ደግሞ የመድን ፈንድ አለ፤ ለዚህም የፖሊስ ሪፖርቱ «ያልታወቀ ሚኒባስ» የሚለውን መያዙን አረጋግጡ።

አምቡላንስ ላይ
በባጃጅ እንዳትወስዷት! ጉልበቷ ታጥፎ ኮብልስቶን ላይ ሲንገጫገጭ ይብስባታል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ላይ ደውሉ፤ ከዘገየ የሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ አስተኟት። ከጭኗ አጋማሽ እስከ ቁርጭምጭሚቷ የሚደርስ ወፍራም ካርቶን ከሥር አድርጉና በነጠላ ላላ አድርጋችሁ እሰሩት፣ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑረው። ያበጠው ባት ላይ ቋጠሮ አይረፍ። እግሯን በትራስ ከፍ አታድርጉት፣ ከልቧ ጋር እኩል ይሁን። በረዶም አይቅረባት። ሕመሙ የባሰበትን ሰዓትና የወሰደችውን ማስታገሻ ስም ጻፉና ድንገተኛ ክፍል ስትደርሱ ለተቀበላችሁ ሰው ስጡት።