የኢዮብን ታሪክ ተርኬ አፈርኩ፤ እናንተ እንዴት ትነግሩታላችሁ?

ባለወፍጮው (ደብረ ማርቆስ አካባቢ)፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ፣ የጮቄ ብርድ በሚወርድባት ትንሽ ከተማ ነው። በአዘቦት ቀን ወፍጮ ቤት እሠራለሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ አንድ 15 ለሚሆኑ ሰዎች የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ እነግራለሁ። ማንበብ የሚችሉት አራት ቢሆኑ ነው። ስለዚህ መጽሐፉን ዘግቼ በቃሌ እተርካለሁ። ከዚያ አንዱ ተነስቶ ይደግመዋል፣ የዘለለውን ሌላው ይሞላል። ሦስተኛው ሰው ሲደግመው ታሪኩ የእነሱ ሆኗል። ዱቄት እየጠበቁ ሲያወሩት ሰምቻለሁ።

ባለፈው ወር አንዲት እናት መጡ። ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ነው። የልጃቸው አርባ ከወጣ ሳምንት አልሞላውም። እኔ ጅሉ ለእሳቸው ብዬ ኢዮብን መረጥኩ።

መጀመሪያ ጥሩ ሄደ። 7 ሺህ በግ፣ 3 ሺህ ግመል ስል ዝም አሉ። 500 ጥማድ በሬ ስል ግን ገበሬዎቹ ተያዩ፤ አንዱ «ማን ጠምዶ ያርስለታል?» አለ። መከራውን ተረክሁ፣ ቁስሉን ተረክሁ። ከዚያ ወደ መጨረሻው ሮጥኩ። በጉ 14 ሺህ፣ በሬው 1 ሺህ ጥማድ ሆነ፣ እግዚአብሔር እጥፍ አድርጎ ሰጠው አልኩ። ሁሉም ደስ አላቸው።

እሳቸው ቀና ብለው «ልጆቹስ?» አሉኝ።

«ሌሎች 10 ልጆች ወለደ» አልኳቸው።

«ሌሎች» አሉ። ትንሽ ቆዩና «የፊተኞቹስ?» አሉ። መልስ አጣሁ። ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ፤ በሚቀጥለው እሑድም አልመጡም።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ያዘነ ሰው መሐል ተቀምጦ ሳለ እንዲህ ያለውን ታሪክ እንዴት ትነግሩታላችሁ? ወይስ ጭራሽ አትነግሩትም? «ሁሉም ለበጎ ነው» የሚል መልስ እባካችሁ ይቅርብኝ። እሱን እሳቸውም ለቅሶ ቤት ጠግበውታል።

የዋሸራ ተማሪ፦

ወንድሜ፣ የዘለልከውን ልቁጠርልህ። ከምዕራፍ 2 ተነስተህ 42 ላይ ወረድክ። መሐል ላይ 39 ምዕራፍ አለ። ኢዮብ የተወለደበትን ቀን የሚረግመው እዚያ ውስጥ ነው፣ ከአምላኩ ጋር የሚሟገተውም እዚያ ነው። እናትየዋ ያሉበት ቦታ እሱ ነው፤ አንተ ግን ሳታያቸው አልፈሃቸው ሄድክ።

ስለ ልጆቹ የኔታ ሲያስተምሩን አንድ ነገር ይሉ ነበር። ከብቱ እጥፍ ሆነ፤ ልጆቹ ግን ያው 10 ናቸው። ለምን? ከብት ከሞተ የለም። ልጆቹ ግን በእግዚአብሔር ዘንድ አሉ። 10 እዚያ፣ 10 እዚህ፤ ይሄ ራሱ እጥፍ ነው። ትርጓሜው ያማረ ነው፣ እኔም አምንበታለሁ። ግን አደራህን፣ ዛሬ ሮጠህ ሄደህ እንዳትነግራቸው! እውነትም ቢሆን ጊዜ አለው። ሲጠይቁህ ትነግራቸዋለህ።

ሦስቱን ወዳጆቹን ደግሞ እንዳትረሳ፤ ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር። የመጡት ለቅሶ ሊደርሱ ነው። ከሩቅ ሲያዩት አለቀሱ፣ ልብሳቸውን ቀደዱ፣ ትቢያ ነሰነሱ። 7 ቀንና 7 ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ለቀስተኞች ነበሩ። የተበላሹት አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። መጨረሻ ላይ እግዚአብሔር የተቆጣው ቀኑን በረገመው ሰውዬ ላይ ሳይሆን፣ የእግዚአብሔር ጠበቃ ነን ባሉት በእነሱ ላይ ነው።

ዳዊት የሚደግም ሰው ከመሐላችሁ ካለ 87ኛውን መዝሙር ጠይቀው። በሌላው አቆጣጠር 88 ነው። ወዳጆቼን ከእኔ አራቅህ ብሎ ያልቃል፤ መጨረሻው ላይ ማጽናኛ የለውም። አባቶች ግን አላወጡትም፣ ይኸው እስከ ዛሬ እንደግመዋለን።

እታለም ዘቡሬ፦

ወንድምዓለም፣ ታሪኩን ለጊዜው ተወውና ቤታቸው ሂድ። እኔም ቀብሬያለሁ፣ ስለዚህ አውቀዋለሁ። እስከ አርባው ሰው አይጠፋም፤ እንጀራው ይመጣል፣ ድንኳኑ አለ፣ ዕድሩ አለ። ከአርባው በኋላ ነው ቤቱ ጭር የሚለው። አንተ ጋ የመጡት እኮ ያኔ ነው።

ከታሪክ ታሪክ ካልክ ለእኔ ኑኃሚን ናት። ከ10 ዓመት በኋላ ባሏንና ሁለት ወንድ ልጆቿን ቀብራ ቤተ ልሔም ስትመለስ፣ ማራ በሉኝ እንጂ ኑኃሚን አትበሉኝ አለች። መራራ በሉኝ ማለቷ ነው። ከሴቶቹ አንዷም «ተይ፣ እንዲህ አይባልም» አላለቻትም። መጽሐፉ ቢያንስ ይህን አልጻፈም። የእኛ ጎረቤቶች ቢሆኑ ቁጣው አይጣል ነበር።

ከጣና ዳር፦

እኔ ወንጌላውያን አማኝ ነኝ፤ ባሕር ዳር ነው የማገለግለው። እኛ ደቀ መዝሙርነት የምንለው ትምህርት ውስጥ ታሪክ እንጠቀማለን። (ጎጃም ውስጥ ደቀ መዝሙር ሲባል ሰው ትዝ የሚለው አኮፋዳ አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚል የቆሎ ተማሪ መሆኑን አልረሳሁም።)

የዋሸራው ወንድሜ ባለው እስማማለሁ። የምጨምረው አንድ ነገር ነው፦ ታሪኩን ቆርጠህ አሳድራቸው። እኔ ዮሴፍን በአንድ ቀን አልጨርሰውም። በ17 ዓመቱ እንዳየነው ነው፤ ፈርዖን ፊት የቆመው በ30 ነው። መሐሉ 13 ዓመት ነው። የጠጅ አሳላፊዎቹ አለቃ ረሳው የሚለው ጋ ስደርስ አቁሜ ሰውን ወደ ቤቱ እልካለሁ። ይናደዳሉ። «እስር ቤት ጥለኸው ልትሄድ ነው?» ይሉኛል። አዎ፣ ሳምንቱን ሙሉ እዚያ ይቆያል። በሚቀጥለው ሳምንት ሲመጡ የሚያወሩት ስለራሳቸው ነው፤ ማን እንደረሳቸው፣ ስንት ዓመት እንደጠበቁ።

ስትጨርስም «ምን ተማራችሁ?» አትበል። እሱ የትምህርት ቤት ጥያቄ ነው፤ የሚመልሰው ያው የተማረው ሰው ብቻ ነው። «የቱ ጋ ልባችሁ ቆመ?» በላቸው። ለእናትየዋ ደግሞ አንድ ቀን የንጉሥ ሳኦልን ቁባት የሪጽፋን ታሪክ ሞክር፤ 2ኛ ሳሙኤል 21 ላይ አለች።

ባለወፍጮው፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። መልስ ያዘገየሁት ነገሩ ገና ስላላለቀ ነው።

ሄድኩ። ትንሽ ዱቄት ይዤ ገባሁ። ቡና አፈሉ፣ ሦስተኛው እስኪወርድ ምንም አላወራንም። እንዲያው ዝም ማለት እንዲህ ከባድ ነው? አፌን ይበላኝ ነበር። ሁለተኛ ቀንም እንደዚያው። በሦስተኛው ግን ራሳቸው «ያ ሰውዬ ጓደኞቹ አልመጡለትም?» አሉኝ። ሰባቱን ቀን ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና «መሬት ላይ ተቀመጡ?» አሉ። አዎ አልኩ። «ደግ አደረጉ» አሉ።

በሌላ ቀን ሪጽፋን ነገርኳቸው። ሁለት ወንዶች ልጆቿና አምስት የሳኦል የልጅ ልጆች ተሰጥተው ተሰቀሉ፤ ገብስ መታጨድ ሲጀምር ነበር። እሷ ማቅ ወስዳ ድንጋይ ላይ ዘረጋች። ዝናብ እስኪወርድ ድረስ ቀን ወፍ፣ ሌሊት አውሬ አላስነካችም። ምን እንዳለች አልተጻፈም፤ አንድ ቃል እንኳን የላትም።

እማማ ጣታቸውን መቁጠር ጀመሩ። የኛ ገብስ በኅዳር ነው የሚታጨደው አሉ። ታኅሣሥ፣ ጥር፣ የካቲት… ግንቦት ላይ አቆሙ። «ስድስት ወር» አሉ። በዚያ አገር ገብስ የሚደርሰው በሚያዝያ ገደማ ነው፣ ዝናቡም የሚመለሰው በጥቅምት። ያም ሲቆጠር ስድስት ወር ገደማ ይሆናል። «ስድስት ወር ሙሉ ማንም ተነሺ አላላትም?» አሉኝ። ዳዊት ሰምቶ አጥንታቸውን እንዳስለቀመ ነገርኳቸው። «ሰምቶ» አሉ፤ ከዚያ በላይ አልተናገሩም።

ያለፈው እሑድ መጡ። በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ማን ይደግማል ስል የተነሱት እሳቸው ናቸው። አውሬውን ጅብ አድርገውታል። ሪጽፋ በአንድ እጇ ዱላ፣ በሌላው ችቦ ይዛ ሌሊቱን ሁሉ ጅብ ስታባርር አደረች አሉ። መጽሐፉ ላይ ችቦ የለም። አላረምኩም፣ ማንም አላረመም።

አሁን የቸገረኝ ሌላ ነው። ሲጨርሱ አንዷ ልጅ እጇን አውጥታ «ልጆቹን አሳልፎ የሰጠውስ ራሱ ዳዊት አይደል?» አለችኝ። ነው። እሑድ እመልስልሻለሁ ብያታለሁ። የዋሸራው ወንድሜ፣ እስከ ቅዳሜ የኔታን ብትጠይቅልኝ?