ማሽኑ ኮድ ይሰጣል፤ ብልሽቱ ግን አልተገኘም

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። መኪናዬ ጠዋት ተነሥታ ሃያ ደቂቃ ያህል እስክትሄድ ድረስ ምንም እንከን የለባትም፤ ሞቅ ካለች በኋላ ግን የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ሥርዓት)፣ የመሪና የሞተር መብራቶች በአንድ ጊዜ ይበሩና የፍጥነት መቁጠሪያው ዜሮ ላይ ወድቆ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይመለሳል። መካኒኩ የመመርመሪያ ማሽን ሰክቶ ዩ0121 የሚል ኮድ ስላገኘ የኤቢኤሱን ኮምፒውተር ለወጠው፤ ሳምንት ሳይሞላ ያው ችግር ተመለሰ። ቀጥሎ የጎማውን ፍጥነት የሚለካው ሴንሰር ተለወጠ፤ እሱም አልረዳም። ካርቡሬተር በነበረበት ዘመን ብልሽትን በዓይንና በጆሮ እንደርስበት ነበር፤ ዛሬ ግን ማሽኑን አምነን ዕቃ እንለውጣለን። ሌላ ዕቃ ከመግዛቴ በፊት ምን ላስመርምር?

መልስ 1፦
ይህ ኮድ የኤቢኤሱ ኮምፒውተር ተበላሽቷል አይልም፤ ሌሎቹ ኮምፒውተሮች ከእሱ የሚጠብቁት መልእክት ተቋርጦባቸዋል ማለት ብቻ ነው። በብዙ መኪኖች የፍጥነት መረጃ የሚመጣው ከኤቢኤሱ ስለሆነ፣ እሱ ዝም ሲል መቁጠሪያውም መሪውም አብረው ያማርራሉ። ስለዚህ ወደ እሱ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ፣ ግራውንዱን (ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለስበትን መንገድ) እና ካን የሚባሉትን ሁለት የተጠማዘዙ የመልእክት ሽቦዎች ያስመርምሩ። የባትሪው ኔጋቲቭ ተነቅሎ በመመርመሪያው ሶኬት 6ኛና 14ኛ ቀዳዳዎች መካከል 60 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) ገደማ መነበብ አለበት፤ 120 ከሆነ በአንዱ ጫፍ ያለው ሬዚስተር ተቋርጧል፣ ወደ ዜሮ ከተጠጋ ደግሞ ሽቦዎቹ ተነካክተዋል። አንዳንድ መኪኖች መስመሩን በመካከለኛ ኮምፒውተር ስለሚከፍሉት፣ ልኬቱ የሚናገረው ስለዚያ ክፍል ብቻ መሆኑን አይርሱ።

መልስ 2፦
ወንድሜ ያሉት ትክክል ነው፤ እኔ ግን ከግራውንዱ እጀምር ነበር። ከሽቦው ውስጥ አንድ ክር ብቻ ቢቀር እንኳ ብዙ ኤሌክትሪክ የሚስብ ዕቃ እስካልሠራበት ድረስ መልቲሜትሩ (የኤሌክትሪክ መለኪያው) 12 ቮልት ያሳያል፤ እኔም በዚህ ተታልዬ ደህና ኮምፒውተር አስለውጫለሁ፣ ሳስበው አሁንም ያሳፍረኛል። ሞተሩ እየሠራና የፊት መብራቱ በርቶ ሳለ፣ በባትሪው ኔጋቲቭና በኤቢኤሱ የግራውንድ ሽቦ መካከል ቮልት ይለኩ፤ ከ0.2 ካለፈ የግራውንዱ መንገድ ተበላሽቷል። ችግሩ ሲሞቅ ብቻ መታየቱም ፍንጭ ነውና፣ ልኬቱን የራዲያተሩ ፋን ከመነሣቱ በፊትም ከተነሣ በኋላም ያድርጉት።

ጠያቂው፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። የካን ሽቦዎቹ 61 ኦም ስላነበቡ ትተናቸው ወደ ግራውንዱ ሄድን። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ 0.04 ቮልት ነበር፤ ፋኑ ሲነሣ ግን ከ3 ቮልት በላይ ዘለለ፣ መብራቶቹም ዓይናችን እያየ በሩ። ለካ ፋኑና ኤቢኤሱ ከባትሪው ማስቀመጫ ሥር ባለ አንድ ቡሎን ላይ ነው ግራውንድ የሚያገኙት፤ ቡሎኑ ላልቶ ሥሩ ነጭ ዱቄት የመሰለ ዝገት ይዟል። ቦታው ተፍቆ ቡሎኑ ሲጠብቅ፣ ፋኑ እየሠራ 0.05 ቮልት አነበብን። ኮዱን ካጠፋን ዘጠኝ ቀን ሆኖታል፤ እስካሁን አልተመለሰም። የቆጨኝ የኤቢኤሱ ኮምፒውተር ነው፤ ከመኪናዋ ጋር በኮድ ስለተሳሰረ ሻጩ መልሶ አልቀበልም ብሎኛል፣ አሮጌውም ደህና ሳለ ተጥሏል።