«ኦክስጂን ሲያንስ ነው» ብሎ ማለፍ ይቻላል?

የጉለሌዋ፦ ትናንት ማታ ሬዲዮ ላይ አንድ ሐኪም ተጠይቆ «ሊሞቱ ሲሉ የሞተ ዘመዳችንን አየን የሚሉት ኦክስጂን ሲያንሳቸው ነው፣ ቤተሰብ ከቁም ነገር ቆጥሮ መስማት የለበትም» አለና ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈ። በቃ አለፈ። እኔ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። እማዬ ልታርፍ ሦስት ቀን ሲቀራት በሩን እያየች «እቴቴ ቆማ ልትቀር ነው እንዴ? ወንበር ስጧት እንጂ» አለችኝ። እቴቴ እናቷ ናት፣ ካረፈች 31 ዓመት አልፏታል። እኔን በስሜ እየጠራች፣ ምሳ በላሽ ወይ እያለች ነው'ኮ ይሄን የምትለኝ። ወንድሜ «እማዬ ማንም የለም፣ እየቃዠሽ ነው» አላት። ከፋት፣ ፊቷ ላይ አየሁት። ከዛ በኋላ ስለ እቴቴ አንድ ቃል አልወጣትም። ወንበሩን ማምጣት ነበረብኝ።

ህክምና ነኝ፦ ነፍስ ይማር እህቴ። ግን ሐኪሙ ላይ አትፍረጂበት። ሰው ሲደክም ኩላሊቱ ጉበቱ ይዳከማል፣ ኢንፌክሽን አለ፣ የውሃ ማነስ አለ፣ የህመም ማስታገሻው ራሱ አለ፣ አእምሮ ይታወካል። ዴሊሪየም እንለዋለን፣ በመጨረሻዎቹ ቀናት በጣም የተለመደ ነገር ነው። ሬዲዮ ስለሆነ አሳጥሮት ነው።

የጉለሌዋ፦ ኦክስጂን ነው ያለው። አንተ ስንት ምክንያት ደረደርክ፣ እሱ አንድ ነገር ነው የተናገረው። እማዬ ጣቷ ላይ መለኪያው ተሰክቶ ነበር፣ 94 ይላል፣ ቁጭ ብዬ ሳየው ነው የዋልኩት።

ጠይሙ፦ 94 ደህና አይደል እንዴ?

ህክምና ነኝ፦ ደህና ነው። እሺ ኦክስጂን የምትለዋን ልተዋት። ግን ቁም ነገር ነው ብለን ሁሉን ዝም ብለን ከሰማን ደግሞ ሰው እናሰቃያለን። አንድ አባት ሌሊቱን ሙሉ እየተነሱ እጃቸውን ሲያወራጩ፣ ሲጮሁ፣ ቤተሰቡ «መልአክ እያዩ ነው» ብሎ ከቦ ድርሳን እያነበበ ደረስኩ። ሆዳቸውን ስነካው እንደ ድንጋይ ነው። ሽንት ተይዞባቸው ነበር። ካቴተር፣ የሽንት ቱቦ ማለት ነው፣ ገባላቸው፣ አንድ ሊትር ገደማ ወጣ፣ እንቅልፍ ወሰዳቸው። እና ማንም ሳያያቸው ጠዋት ቢሆን ኖሮስ?

ሜሪላንድ ነኝ፦ ወንድሜ ያልከው ልክ ነው፣ ግን የፈራና የሚወራጭ ሰው ሌላ፣ ተረጋግቶ የሚያወራ ሰው ሌላ። እዚህ በሞት አፋፍ ላይ ያሉ ሰዎችን እየተንከባከብኩ ስንት ዓመቴ። ቡፋሎ፣ ኒውዮርክ ውስጥ ክሪስቶፈር ኬር የሚባል ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጡት ጥናት አለ፣ የታወከውን ሰው አላስገቡም፣ አእምሮው የተስተካከለውን ብቻ 59 ሰው እየተመላለሱ ጠየቁ። 88 ከመቶው ቢያንስ አንድ ህልም ወይም ራእይ አይቻለሁ አለ። ሞት እየቀረበ ሲመጣ ደግሞ የሚያዩት የሞተ ሰው እየበዛ ይሄዳል፣ ይበልጥ የሚያጽናናቸውም እሱ ነው። የጉለሌዋ እናት ያሉት ይሄው አይደል?

ህክምና ነኝ፦ 59 ሰው፣ አንድ ቦታ። አጽናናቸው ማለት ደግሞ እቴቴ በእውነት በሩ ላይ ቆማለች ማለት አይደለም። ሚሺጋን ላይ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ጥናት አለ፣ የመተንፈሻ ማሽን የተነሳላቸው አራት ሰዎች የአንጎል ሞገድ ተለክቶ የሁለቱ ሊሞቱ ሲሉ በጣም ጨምሮ ተገኘ። አንጎል ነው የሚሰራው።

የጉለሌዋ፦ ከአራት ሁለት! 59 ሲሆን አነሰህ፣ አራት ሲሆን በቃህ? ደግሞ እቴቴ መጥታለች አልመጣችም ብዬ የተከራከርኩት መቼ ነው? «መስማት የለበትም» ያለውን ነው የምለው። መስማት!

ኡሙ ሰልማ፦ እኔም አንድ ነገር ልበል። አባዬ ደሴ ላይ ዘጠኝ ቀን እህል አልቀመሰም፣ ማናችንንም አልለየንም። በአስረኛው ቀን ጠዋት ተነስቶ ቁጭ አለ። ቡና አፍሉ አለ፣ የልጅ ልጆቹን አንድ በአንድ በስም ጠራ፣ «አፉ በሉኝ» አለን፣ ሳቀ። ጂዳ ያለው ወንድሜ ትኬት ቆርጦ ነበር፣ ደውለን ተሽሎታል አልነው፣ ቀረ። አባዬ በማግስቱ ሌሊት ሸሃዳውን ይዞ ሄደ። ሰፈር ያሉት እናቶች በኋላ «ሊሄድ ሲል ደህና ይሆናል፣ ኩራዝም ሊጠፋ ሲል ቦግ ይላል» አሉን። ሐኪሙ ግን የዛን ቀን ጠዋት አይቶት «ጥሩ ነው» ብሎ ነው የወጣው። ሚካኤል ናም የሚባል ጀርመናዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ለዚህ ነገር ስም እንዳወጣለት ያወቅኩት ዘንድሮ ነው። ወንድሜ እስካሁን አላናገረንም።

ጠበቃው፦ ሰው እንደዛ ደህና ሲሆን የተናገረው ነገር በህግም ይታያል። ሞቴ ቀርቧል ብሎ በሁለት ምስክር ፊት በቃል መናዘዝ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አለ።

ጠይሙ፦ አጎቴም እንደዛ ብለው ነው'ኮ ቤቱን ለትንሿ ልጅ የሰጡት። እና ቤቱ የሷ ነው?

ጠበቃው፦ አይደለም። በቃል ኑዛዜ ስለ ቀብር መናገር፣ ለትንንሽ ልጆች ሞግዚት መሰየም፣ ከ500 ብር የማይበልጥ ስጦታ መተው ነው የሚቻለው። ሦስት ወር ከኖሩ ደግሞ ይፈርሳል።

ጠይሙ፦ 500 ብር? የሽማግሌ ቃል 500 ብር ነው የሚያወጣው?

ጠበቃው፦ ሕጉ በኛ አቆጣጠር የ1952 ነው ወንድሜ፣ ያኔ 500 ብር ብር ነበር።

ሜሪላንድ ነኝ፦ ወደ ነገሩ እንመለስ በናታችሁ። እዚህ የማውቃቸው የኛ ሀገር አባት ነበሩ፣ መጨረሻ ላይ እንግሊዝኛው ጠፍቶባቸው በአማርኛ ብቻ ሆኑ። ነርሶቹ «ግራ ተጋብቷል፣ ትርጉም የሌለው ድምፅ ያሰማል» ብለው ጻፉባቸው። እኔ ስገባ «ከብቶቹ አልገቡም፣ መሽቷል» ነው የሚሉት። ስንት ይቀራሉ አባባ? አልኳቸው። ቆጠሩልኝ፣ በስም፣ ቡሬ፣ ዳልቻ፣ ጉራቻ። «ገብተዋል አባባ፣ በረቱን ዘግቼዋለሁ» ስላቸው ትንፋሻቸው ወረደ። ያን ሳምንት ሊያረጋጋ የሚሰጠው መድሃኒት ሳይጨመርባቸው አለፈ።

ህክምና ነኝ፦ ይሄ ጥሩ ነው። ግን መጀመሪያ ሆድ ይነካ፣ ትኩሳት ይለካ፣ ከዛ ይሰማ። እኔ ሌላ አላልኩም።

የጉለሌዋ፦ ሬዲዮ ላይ ያለው ግን ሌላ ነው ያለው።

ህክምና ነኝ፦ እሱን እኔ እንዴት ልመልስልሽ?

የጉለሌው፦ ወንድሟ ነኝ። ግሩፑ ውስጥ እንዳለሁ እያወቅሽ ነው የጻፍሽው። እየቃዠሽ ነው ያልኳት እብድ መስላኝ አይደለም። እቴቴ ከመጣች ልትወስዳት ነው ብዬ ነው። ፈርቼ ነው።

ጠይሙ፦ ኧረ በአደባባይ አትጣሉ።

የጉለሌዋ፦ አልተጣላንም። ስልክህን አንሳ፣ እየደወልኩልህ ነው።