የጥር ምሽት ፕሮፖዛል፦ መድረክ ይኑር ወይስ አይኑር?

ጸሐፊዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ የሐበሻ ማኅበራችን አባላት። ግላስጎው ዛሬም እየዘነበ ስለሆነ ሁላችሁም ቤት ናችሁ ብዬ ልገምት። ማክሰኞ ማክሰኞ በሰፈራችን አዳራሽ የሚጨፍሩት የስኮትላንድ ጭፈራ ቡድን አባላት «አንድ ምሽት አብረን እናዘጋጅ፤ ለፈንዱም በጋራ እናመልክት» ብለውናል። ፕሮፖዛሉ ሁለት ገጽ ነው። የእነሱ ገጽ ተጽፏል፣ የእኛ ባዶ ነው። እስከ ዓርብ ማታ እዚሁ ተነጋግረን እንጨርሰው።

መነሻ ሐሳባቸው ይሄ ነው። ቀኑ ኖቬምበር 30፣ የስኮትላንድ ጠባቂ የሚሉት የቅዱስ እንድርያስ በዓል። ስሙ «የኬልቲክ ምሽት»። እነሱ 20 ደቂቃ መድረክ ላይ ያሳያሉ፣ እኛ 20 ደቂቃ እስክስታ እናሳያለን፣ ከዚያ ምግብ። እስኪ ምን ትላላችሁ?

የምግብ ኮሚቴ፦
ቀኑ አይሆንም የኔ እህት። ኅዳር 21 ኅዳር ጽዮን ነው፣ ያውም በነቢያት ጾም። ምግቡ አያሳስበኝም፣ በያይነቱ ይወዱታል። ግን በጾም አዳራሽ ሙሉ ሰው ሰብስቤ ጨፍሩ ልበል?

የወጣቶች ተጠሪ፦
ሰዎቹ ቀኑን ሲመርጡ ይሄን አላወቁም። ብንነግራቸው ይገባቸዋል።

ጸሐፊዋ፦
ነግሬያቸዋለሁ። ወዲያው «እንግዲያው በርንስ ናይት ይሁን» አሉ። ሮበርት በርንስ የተባለው ገጣሚያቸው የተወለደው ጃንዋሪ 25 ቀን 1759 ነው። በየዓመቱ በዚያ ሰሞን ሀጊስ ይበሉለታል፣ ግጥሙን ያነቡለታል፣ ይጨፍሩለታል። ለእኛ ጥምቀት ባለፈ ሳምንት መሆኑ ነው። ቅዳሜ ስለሚሆን ጾም የለበትም። ተስማማን?

የምግብ ኮሚቴ፦
ተስማማን። ሀጊስ የምትሉት ግን ምንድን ነው?

ገንዘብ ያዡ፦
ዱለት በሏት እትዬ። የበግ ልብ፣ ጉበትና ሳንባ ተከትፎ ከአጃ፣ ከሽንኩርትና ከሞራ ጋር ይቀላቀልና ጨጓራ ውስጥ ገብቶ ይቀቀላል። ቅመሙ ቁንዶ በርበሬ ይበዛዋል። ከተፈጨ ድንችና ስዊድ ከሚባል ሥራሥር ጋር ይቀርባል። እኔ 11 ዓመት እዚህ ኖሬ ስጠየፈው ከርሜ፣ አንድ ቀን ሚጥሚጣ ነስንሼበት በላሁት። ከዚያ ወዲህ አልተለያየንም።

የምግብ ኮሚቴ፦
እንግዲህ ዱለቱን እኔ እሠራለሁ፣ ሀጊሱን እነሱ ያምጡ። ጎን ለጎን ይቀመጥ። ለሙስሊም ልጆቻችን ሁለቱም ሐላል ይሁን። ሥጋ የሌለው ሀጊስም ሱቅ አለ፣ እሱም ይገዛ።

አንጋፋው አባል፦
ልጆች፣ ስሙ ላይ እኔም አንድ ነገር ልበል። «ኬልቲክ» የሚለውን ብትተዉት ይሻላል። አንደኛ፣ እዚህ ከተማ ያንን ቃል ፖስተር ላይ የለጠፈ ሰው ኳስ የሚያወራ ነው የሚመስለው። ጽሑፉ ከእግር ኳስ ክለቡ ስም ጋር አንድ ነው። የተቀናቃኙ ክለብ የሬንጀርስ ደጋፊ የሆነው ጎረቤቴ በደጃፋችን አያልፍም።

ሁለተኛ፣ ይሄ ጭፈራ ራሱ ኬልት ከሚባሉት የጥንት ሕዝቦች ይልቅ ለ18ኛው ክፍለ ዘመን የጨዋ አዳራሽ ይቀርባል። ከእንግሊዞች ጋር የሚጋሩት ነው፣ የርምጃው ስም እንኳ ፈረንሳይኛ አለበት። «ፓ ደ ባስክ» ሲሉ አልሰማችሁም? በ1923 እዚሁ ግላስጎው ጂን ሚሊጋንና ኢዞቤል ስቱዋርት የሚባሉ ሁለት ሴቶች ጭፈራው ሊጠፋ ነው ብለው ማኅበር አቋቋሙ። ሚሊጋን የስፖርት አስተማሪ ነበረች፣ እግር አቀማመጡ ላይ ቀልድ የማታውቅ። ማኅበሩ ዛሬም አለ፤ ከ1951 ጀምሮ «ንጉሣዊ» የሚል ማዕረግ አለው።

የኬልት የሆነ ስም ካስፈለጋችሁ «ኬይሊ» በሉት። ቃሉ የጌሊክ፣ የስኮትላንድ ኬልቶች ቋንቋ ነው። አሁን የጭፈራ ምሽት ማለት ሆኗል። ድሮ ግን ጎረቤት ቤት ሄዶ እሳት ዳር ተቀምጦ ወግና ዘፈን መጫወት ነበር። እኛ «ኑ ቡና ጠጡ» የምንለው መሆኑ ነው።

ጸሐፊዋ፦
ጋሼ፣ ይቺን ለእኛ ገጽ ወሰድኳት። ምሽቱ በቡና ይጀመር። የመጀመሪያው ሰዓት የድሮው ኬይሊ፣ ከዚያ የአሁኑ።

የቡና አስተባባሪዋ፦
በጣም ደስ ይላል። ሦስት ረከቦት አለን። ግን የባለፈውን እንቁጣጣሽ አትርሱ። ዕጣኑን እንዳጨስኩ የጭስ አላርሙ ጮኸ፣ የእሳት አደጋ መኪና መጣ፣ 80 ሰው በሐበሻ ቀሚስ ዝናብ ላይ ቆመ። አንዱ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ፈንዲሻ እየበላ ነው የሄደው፣ እሱን እንኳ አመሰግነዋለሁ።

ገንዘብ ያዡ፦
ዕጣን ይቅር፣ ቡናውም በኤሌክትሪክ ምድጃ ይሁን።

የቡና አስተባባሪዋ፦
ያለ ዕጣን ቡና? እሱማ ካፌም አለ።

ጸሐፊዋ፦
አትጣሉ። አዳራሹ በኩሽናው በኩል ጣራ ያለው በረንዳ አለው። መቁላቱና ዕጣኑ እዚያ፣ ማፍላቱ ውስጥ። ሲቆላ ጭሱን ለማሽተት የፈለገ ወጣ ይላል። ፕሮፖዛሉ ላይ «ክፍት ከሰል ከሕንፃው ውጭ» ብዬ እጽፋለሁ፣ ፈንዶቹ እንዲህ ዓይነት ነገር ሲያዩ ደስ ይላቸዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ማክሰኞ ሄጄ ነበር። ዳር ቁጭ ብዬ ለማየት ነበር ሐሳቤ፣ ጎትተው አስገቡኝ። አራት ወንድ በአንድ በኩል፣ አራት ሴት በሌላ በኩል ፊት ለፊት ይሰለፋሉ። ወንድ ካነሰ ሴት ትሞላለች፣ ማንም ግድ የለው። ሦስት ዓይነት ምት አላቸው፦ ሪል፣ ጂግና ስትራትስፔይ። ሪልና ጂግ ያስሮጣሉ። ስትራትስፔይ ዝግ ያለ ነው፣ ስሙም ከስፔይ ወንዝ ሸለቆ የመጣ ነው። ዝግ ስላለ ይቀላል ብዬ ነበር፣ ተሸወድኩ። እግርን ዘርግቶ በቁጥጥር ማሳረፍ ነው ሥራው፤ ባቴን ሁለት ቀን አሞኛል። ከወገብ በላይ ጸጥ ነው። የኔ ትከሻ ግን ልማዱ ሆኖ ነቅነቅ ሲል ከጎኔ የነበሩት ሽማግሊት በሳቅ ሊሞቱ። ብትጠይቁኝ ከእስክስታ ይልቅ ጉራግኛ ይቀርበዋል፣ ሁሉም ነገር እግር ላይ ነው።

አንድ ጭፈራ ግን ሐሳቤን አስቀየረኝ። «ዳሺንግ ዋይት ሰርጀንት» ይሉታል። ሦስት ሰው ከሦስት ሰው ጋር ፊት ለፊት ይቆማል። ስድስቱ ተያይዘው ወደ ግራ ይዞራሉ፣ ይመለሳሉ። መሐል ያለው ሰው ከቀኙ ጋር ይዞራል፣ ከግራው ጋር ይዞራል። ከዚያ ሦስቱ እርስ በርስ በስምንት ቁጥር ይሽሎከለካሉ። በመጨረሻ እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ከዚያ ሰተት ብለው አልፈው ቀጣዮቹን ሦስት ሰዎች ያገኛሉ። አንዱ ዙር ግማሽ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ስምንት ዙር ከተጨፈረ 24 አዲስ ሰው እጅ ጨብጠሃል ማለት ነው። እኔ በዓመት 24 ጎረቤት ሰላም ብያለሁ ወይ?

ስለዚህ መድረኩ ይቅር ባይ ነኝ። እነሱ አሳይተው እኛ ካጨበጨብን፣ እኛ አሳይተን እነሱ ካጨበጨቡ ሁላችንም እንደመጣን ነው የምንሄደው። ከእነሱ ሁለት፣ ከእኛ አንድ፣ ወይም ከእኛ ሁለት፣ ከእነሱ አንድ እያልን ሦስት ሦስት እንሁን።

የወጣቶች ተጠሪ፦
እህቴ፣ ሐሳቡ አሪፍ ነው። ግን የእስክስታ ልጆቹ ከእንቁጣጣሽ ጀምሮ ሲለማመዱ ነው የከረሙት። ይቅር ብዬ ልነግራቸው? እኔ አልችልም።

አንጋፋው አባል፦
ልክ ነው፣ ልጆቹ ቅር አይበላቸው። መድረክ ላይ ሳይወጡ እዚያው ወለሉ ላይ ሰው ከቧቸው ይጨፍሩ። የእነሱም ቡድን አንድ ያሳይ። እኔን ካማከራችሁኝ የ51ኛ ክፍለ ጦርን ሪል ይምረጡ። በጁን 1940 ፈረንሳይ ውስጥ ሴንት ቫለሪ ላይ የተማረኩ የሃይላንድ መኮንኖች ጀርመን እስር ቤት ሆነው የፈጠሩት ነው። መሐል ላይ ጨፋሪዎቹ በሰያፍ ተያይዘው የቅዱስ እንድርያስን መስቀል ይሠራሉ። እኔ መጀመሪያ ያየሁ ቀን ታሪኩን ሳላውቅ ነበር። ካወቅሁ በኋላ ሳየው ጉሮሮዬን ያዘኝ።

ጸሐፊዋ፦
ተቀብያለሁ። አምስት አምስት ደቂቃ፣ ወለሉ ላይ።

ምክትል ሰብሳቢዋ፦
አሰላሙ ዓለይኩም። አንድ ነገር ሳይነሳ እንዳያልፍ። ከእኛ እናቶች ውስጥ ከወንድ ጋር እጅ መያያዝ የማይፈልጉ አሉ። አፍረው ዳር ይቀመጣሉ እንጂ አይናገሩም።

ጸሐፊዋ፦
ወዓለይኩም ሰላም የኔ ውድ። ጥሩ አነሳሽው። ቡድኑን ጠየቅኳቸው፣ ችግር የለም አሉ፤ ሴት ከሴት መጨፈር ለእነሱ የተለመደ ነው። አንዱ ክብ የሴቶች ብቻ ይሆናል፣ ጭፈራ መሪዋም ማይክ ላይ ትናገራለች። ማንም መጥቶ ለምን ብሎ አይጠይቅም።

ገንዘብ ያዡ፦
ሙዚቃውስ? ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ ባንድ ማግኘት ከባድ ነው። ከ1994 ጀምሮ በየጃንዋሪው ኬልቲክ ኮኔክሽንስ የሚባል የሙዚቃ ፌስቲቫል አለ፣ ከተማው ውስጥ ቫዮሊን የያዘ ሁሉ ቀጠሮ ይዟል።

ጸሐፊዋ፦
የቡድኑ አኮርዲዮንና ቫዮሊን ተጫዋቾች ቃል ገብተዋል። ከእኛ በኩል ደግሞ ማሲንቆ ይኑር። ጎቫን ሰፈር ያለው ማሲንቆ ተጫዋች ልጅ ቤት ሄደን ሞከርነው። በርንስ በ1788 የጻፈው፣ ምሽቱ ሲያልቅ ሁሉም ክብ ሠርቶ የሚዘፍነው «ኦልድ ላንግ ሳይን» አለ አይደል? ዜማው አምስት ድምፅ ብቻ ነው። ልጁ ማሲንቆውን በትዝታ ሜጀር ቃኝቶ ሲጀምር አንድም ድምፅ አልጎደለ። ርዕሱም በስኮትኛ «ድሮ ድሮ» እንደማለት ነው። ትዝታን በትዝታ! ጂጉም ቢሆን በ6/8 ነው፣ ችክችካ የለመደ ጆሮ አይቸገርም።

የወጣቶች ተጠሪ፦
እኔ የምጨምረው ልጆቹን ነው። እዚህ የተወለዱት በየዓመቱ ከገና በፊት በስፖርት ክፍለ ጊዜ ይሄን ጭፈራ ይማራሉ። የ10 ዓመቷ የእህቴ ልጅ ጌይ ጎርደንስን ሳሎን ውስጥ አስጨፈረችኝ፤ «አጎቴ፣ ቀኝ! ቀኝ ነው ያልኩህ!» እያለች። ፕሮፖዛሉ ላይ የእኛ ወገን አሠልጣኞች ልጆቻችን ናቸው ተብሎ ይጻፍ። ወላጅን ልጅ የሚያስተምርበት ምሽት።

የምግብ ኮሚቴ፦
የኔዋማ ዕድሏን አገኘች፣ አለቀልኝ።

ገንዘብ ያዡ፦
በጀቱ። አዳራሽ ለ6 ሰዓት በ25 ፓውንድ ሒሳብ 150። ሁለቱ ሙዚቀኞች 300። ምግብና ቡና 350። ለአውቶቡስ 60፤ ከ22 ዓመት በታችና ከ60 በላይ ያሉት ካርዳቸው ካለ በነፃ ስለሚሄዱ መሐል ላይ ላለነው ብቻ ነው። ጠቅላላ 860 ፓውንድ። አልኮል በዚህ ገንዘብ አይገዛም፤ ውስኪ የፈለገ በኪሱ ከውጭ ይጠጣ። ኪልት፣ የስኮት ወንዶች ጉርድ ቀሚስ፣ ኪራይ የሚለውን የወጣቶች ሐሳብ ሰርዤዋለሁ፣ ይቅርታ።

የወጣቶች ተጠሪ፦
ጨካኝ።

ጸሐፊዋ፦
እንግዲህ የእኛ ገጽ እንዲህ ይሁን፦

«የምሽቱ ስም ‹ኬይሊና ቡና› ነው። በመጀመሪያው ሰዓት እንግዶች ቡና እየጠጡ ወግ ይጫወታሉ፣ የጌሊክና የአማርኛ ዘፈን ይሰማል። ከዚያ ሁለቱ ወገኖች አንዳንድ ጭፈራ ወለሉ ላይ ያሳያሉ። የቀረው ጊዜ ሁሉም የሚጨፍርበት ነው። ጭፈራዎቹ ለጀማሪ የሚሆኑ ናቸው፤ የማኅበሩ ልጆች ከቡድኑ ጋር ሆነው ያሠለጥናሉ። ብቻቸውን ለመጡና በቅርቡ ወደ ግላስጎው ለገቡ አባላት ቅድሚያ ቦታ ይያዛል። የሴቶች ብቻ ክብ አለ። መዝጊያው በማሲንቆና በአኮርዲዮን ነው።»

የምትቀይሩት ካለ እስከ ዓርብ። ሰዓቱን «በፈረንጅ 5» ብዬ ጽፌዋለሁ። ባለፈው «11 ሰዓት» ብለን ለጥፈን አንድ የስኮት ቤተሰብ ሌሊት ሊመጣ ነበር።

ቡድኑ ማክሰኞ አምስት ሰው ላኩልን፣ ቀድመን እናለማምድ ብለዋል። እኔ አለሁ። አራት ሰው እፈልጋለሁ፣ ጠፍጣፋ ጫማ አድርጋችሁ ኑ።

አንጋፋው አባል፦
ጉልበቴ እንዴት እንደሆነ ታውቂያለሽ። ግን ጻፊኝ።